የየዕለት ጸሎት ለክፉ ቀን ስንቅ ነው

«ሲስተር፣ እጸልያለሁ፤ ግን እግዚአብሔር ሩቅ ሆኖብኛል።»

ይህችን አባባል ከብዙ ጎረቤቶቼ አፍ ሰምቻታለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የአዲሱ ገበያ ሰው ደም ግፊቱን ሊለካ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ሊጠይቅ ወደ ቤቴ ጎራ ማለቱን አልተወም። መለኪያው ክንድ ላይ እያለ ማውራት ቁጥሩን ስለሚያዛባ «እስኪፈታ ዝም በሉ» እላለሁ። ሲፈታ ግን የልብ ወሬ ይመጣል። የልጅ ነገር፣ የኑሮ ውድነት፣ የትዳር ነገር ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ ይህች ነገር ትከተላለች። የሚነግሩኝ ቤተ ክርስቲያን የማይደርሱ ሰዎች አይደሉም። ዓመት በዓል የሚያነግሡ፣ የሚጾሙ፣ ስለት የሚያስገቡ ናቸው።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ የአብነት ትምህርት ቤትም አልገባሁም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው። እዚህ የምጽፈው በሥራዬ ያየሁትን፣ ከቤተ ክርስቲያን የተማርኩትንና በቤታችን የምናደርገውን ነው። ይበልጥ የማስበው ስለ እኛ ስለ አያቶችና ስለ ወላጆች ነው፤ ከእኛ ወደ ልጅ ልጆቻችን የሚተላለፈው ጸሎት እየሳሳ መምጣቱን አያለሁና።

ቅርበት በየቀኑ ይገነባል

የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን ራሱን ሲያመው ብቻ የሚውጥ ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብሎ ያማርራል። መድኃኒቱ የሚሠራው ሕመም በማይሰማበትም ቀን ሲወሰድ ነው። ጸሎትንም ብዙዎቻችን እንደ ራስ ምታት ኪኒን አድርገነዋል። ልጅ ሊፈተን ሲል፣ የቪዛ ቀጠሮ ሲደርስ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ስንጠብቅ እንንበረከካለን። ነገሩ ሲያልፍ መጽሐፉ ወደ መሳቢያ ይመለሳል።

ክፉ ቀን ሲመጣ መጸለይ ነውር የለበትም፤ ልጅ ሲወድቅ «እማዬ!» ብሎ እንደሚጮኸው ነው። ነገር ግን ስንወድቅ ብቻ የምንጠራውን እንዴት እናውቀዋለን? በሰፈራችን አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ እንደ እህት የምትሆነው በሠርግ ቀን አብረው ስለ በሉ አይደለም። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቡና ስለሚጠራሩ ነው። ከዚያ ቡና ውስጥ አንዱን ቀን ለይታችሁ «ያን ቀን ምን ተነጋገራችሁ?» ብትሏቸው አያስታውሱትም። ቅርበቱ ግን ከዚያ ከማይታወሰው ወሬ የመጣ ነው። የየዕለት ጸሎትም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ቀን ምንም የተለየ ነገር አይሰማንም፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ከማን ጋር እንደምንኖር እናውቃለን።

ሰባቱ ሰዓታት

አባቶቻችን ይህንን ስላወቁ ቀኑን በጸሎት ከፋፍለውታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነቢዩ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ያመሰግን እንደነበር መዝሙሩ ስለሚናገር ነው። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 14 ስለ ጸሎት ሥርዓት ይደነግጋል። የግብጽ ኮፕቶችም ሰባት የጸሎት ሰዓታት አሏቸው፤ በምዕራቡ ዓለም ቅዱስ በነዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳቱ የሠራው ሥርዓትም ይህንኑ የዳዊት ቃል መሠረት ያደረገ ነው።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ነገሩን ለልጅ ለማስረዳት አይከብድም። መጽሐፍ ቅዱስ ሦስተኛው ሰዓት ሲል የእኛው የጠዋት 3 ሰዓት ነው።

መጀመሪያው ነግህ ነው። ሌሊቱን ላሳለፈ አምላክ ምስጋና የሚቀርብበት፣ ጌታ በጲላጦስ ፊት የቆመበት የሚታሰብበት ጠዋት ነው። በእኛ ሰፈር ይህ ሰዓት የኪዳን ጸሎት ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማበት፣ የፒያሳ ታክሲ ረዳቶች መጣራት የሚጀምሩበት ነው። 3 ሰዓት ላይ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበትና መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ይታሰባል፤ ቤት ለምንውል ሰዎች ቡና የሚቆላበት ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ደግሞ ነፍሱን የሰጠበት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ ቤተ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ሠርክ፣ ማለትም 11 ሰዓት፣ ሥጋው ወደ መቃብር የወረደበት መታሰቢያ ነው፤ የመንገድ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚጣደፍበት ሰዓት። ከዚያ በመኝታ ጊዜ የሚጸለየው ንዋም ይመጣል፤ ጌታ በጌቴሴማኒ የጸለየበት ይታሰብበታል። የመጨረሻው መንፈቀ ሌሊት ነው። ልደቱና ትንሣኤው ይታሰቡበታል። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ እስር ቤት የጸለዩትም በዚሁ ሰዓት ነው።

እንዲህ ሲዘረዘር የመነኮሳት ሥራ ሊመስል ይችላል። እርግጥ ሰባቱንም በሙሉ ሥርዓት የሚያደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰልን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ራሱ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት አልገባው ብሎ ብዙ ጊዜ እህል ሲፈጭ እንደነበር ገድሉ ይተርካል። ሥራና ጸሎት ጠላቶች አይደሉም።

በሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ሰባት ጊዜ መጽሐፍ መግለጥ አይታሰብም ነበር። ነገር ግን ከአንድ ሕመምተኛ ወደ ሌላው በተሻገርኩ ቁጥር እጄን እታጠብ ነበር። ተረጋግቶ የተባለ አባታችን ሆይ እጅ በሳሙና በደንብ ታጥቦ እስኪያልቅ ይደርሳል። ማንም አያውቅብኝም፤ ሥራም አይጓደልም። የሌሊት ተረኛ ስሆን ደግሞ ሁሉም የተኛ በሚመስልበት ሰዓት የሕሙማኑን ስም ከመዝገቡ ላይ በአልጋቸው ተራ እያየሁ በልቤ አነሣቸው ነበር። በነጋታው የከፋብኝን ሕመምተኛ እንኳ በቁጣ ማየት ያቅተኛል፤ ሌሊት ስሙን አንሥቼዋለሁና። ጸሎት መጀመሪያ የሚለውጠው የሚጸልየውን ሰው ነው የሚባለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቃል ሲጠፋ የሚቀረው ቃል

ብዙ ዓመት በሠራሁበት ሙያ ከሁሉ የደነቀኝን ነገር የተማርኩት ግን በገዛ ቤቴ ነው። እናቴ በሕይወቷ መጨረሻ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ጠዋት ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና እግሯ ከዳት፤ ንግግሯም ጠፋ። ሐኪም ቤት ቆይታ ወደ ቤት ስትመለስ ውኃ ፈልጋ «ውኃ» ማለት አትችልም። ስሜን ልትጠራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው። ታለቅሳለች፤ እኔም ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ።

እናቴ በልጅነቷ ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሞቿ ከመሪጌታ ዘንድ ፊደልና መልእክተ ዮሐንስ ጨርሰው ዳዊት ሲደግሙ እሷ እንጨት ለቀማና ውኃ ቀዳ ላይ ነበረች። ነገር ግን በየማታው የቤቱ ሰው ሁሉ ሳይተኛ በፊት ቆሞ አባታችን ሆይና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ይል ስለነበር በጆሮዋ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ሰባ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አላቋረጠችም።

ከሆስፒታል በመጣች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ማታ እንደ ልማዳችን አልጋዋ አጠገብ ቆመን ጸሎት ጀመርን። አባታችን ሆይ ስንል ከትራሱ ላይ ድምፅ መጣ። እናቴ አብራን እያለች ነው። አልተንተባተበችም። እስከ አሜን ድረስ አደረሰችው። ልጆቼ ተአምር ነው ብለው ጮኹ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ትዝ አለኝ። የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳና ንግግር ሲጠፋ፣ ሰው ለረጅም ዘመን ደጋግሞ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ አይነካበትም። ቁጥር መቁጠር፣ የሳምንቱን ቀናት ስም መጥራት፣ ዘፈን፣ ጸሎት ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ንግግር አዲስ ሐሳብ በቃል ከመግለጽ የተለየ መንገድ እንዳለው በሕክምናው የታወቀ ነው። የመርሳት ችግር ባለባቸው አረጋውያንም ዘንድ አይቼዋለሁ፤ የልጃቸውን ስም የረሱ ሰዎች በጸሎት ጊዜ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ለልጆቼ ይህንን ስነግራቸው አንደኛው «እንግዲያው ተአምር አይደለማ!» አለኝ። «አንጎልንስ እንዲህ አድርጎ የሠራው ማን ነው?» አልኩት። ምክንያቱን ማወቄ ምስጋናዬን አልቀነሰብኝም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረች። ንግግሯ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። መድኃኒቷን አላቋረጥንም፤ እጅና እግሯን በየቀኑ እናንቀሳቅስላት ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን ከእግዚአብሔር ጋር የምትነጋገርበት ቃል ነበራት። ከእኛም ጋር አብራ የምትሆንበት ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ነበራት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። የዛሬ ስድሳ ዓመት የልጅ ልጆቼ ቃል ሁሉ ቢጠፋባቸው ከውስጣቸው የሚወጣው ምንድን ነው? ዛሬ በየቀኑ የሚደጋግሙት ነገር ምንድን ነው?

የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይረገጥ ሲቀር

ይህ ጥያቄ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ የታየን በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ ሲባል ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። ወሩ ሳያልቅ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ተነገረ። ካህናት ማዕጠንት ይዘው በየጎዳናው ዞሩ። ከመጋቢት 28 ጀምሮ ለአንድ ወር በሁሉም ሃይማኖቶች የታወጀው አገር አቀፍ ጸሎት በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። የሚያዝያ 11ን ትንሣኤ ብዙ ቤተሰብ ነጠላውን ለብሶ ያከበረው በቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ነው።

ያኔ በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ቤት አየሁ። በአንደኛው ቤት አባወራው ተነሥቶ «ኑ እንቁም» ሲል ሁሉም ቦታውን ያውቃል። በሌላኛው ቤት አዋቂዎቹ ራሳቸው ከየት እንደሚጀመር ተያዩ። ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚሳለም፣ «ቤት ውስጥ መጸለይ አልለመደብኝም፤ ካልሄድኩ የጸለይኩ አይመስለኝም» የሚል ሰው ብዙ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድን የሚተካ ነገር የለም፤ ቅዳሴና ቁርባን በቤት አይገኙም። ነገር ግን ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ጸሎት ሲያስተምር ወደ ገዛ ክፍላችን መግባትንና በር መዝጋትን ነግሮናል። አባታችን ሆይን ያስተማረውም በዚያው ምዕራፍ ነው።

ከክፉው ጊዜ መልካም ነገርም ወጣ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ በእነዚያ ሳምንታት የልጅ ልጆቻቸውን በየማታው ማቆም ጀመሩ። ዛሬም አልተዉም። «በሽታው ሄደ፤ ጸሎቱ ቀረልን» ይላሉ።

ዝም ያለ ሲመስለን

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። በየቀኑ እየጸለየም እግዚአብሔር የራቀ የሚመስለው ሰው አለ። አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ወደ ደቡብ አፍሪካ በስደት ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፋባት። መጀመሪያ ሱባኤ ገባች፤ ተሳለች፤ አነባች። ወራት ሲያልፉ ግን ሥዕሉ ፊት ስትቆም ቃል አልወጣ አላት። «ምን ብዬ ልጸልይ? የምለውን ሁሉ ብያለሁ» አለችኝ።

ምክር አልነበረኝም። ማታ ማታ ወደ ቤቷ እየሄድኩ አብሬያት እቆም ጀመር። እኔ ውዳሴ ማርያም የዕለቱን አነባለሁ፤ እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ እግዚኦ ትላለች። አንዳንድ ቀን እሱንም አትልም፤ ትቆማለች ብቻ። ልጇ እስካሁን አልተገኘም። ይህንን የምጽፈው መጨረሻው ያማረ ታሪክ ለመንገር አይደለም። በቅርቡ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «መልስ አላገኘሁም። ብቻዬን እንዳልቆምኩ ግን አውቃለሁ።» ቅርበት ማለት ምን እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የነገረኝ ሰው የለም።

መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱንም ዓይነት ጸሎት ያሳየናል። የሳሙኤል እናት ሐና ልጅ በማጣት ኀዘን ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር፤ የራሷን ቃል ከልቧ እያፈሰሰች ነበር። ጌታ በጌቴሴማኒ ደግሞ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደጸለየ ማቴዎስ ጽፏል። ስለዚህ «የተጻፈ ጸሎት መድገም ልማድ ብቻ ነው» ለሚሉም፣ «በራስ ቃል መጸለይ አይቻልም» ለሚሉም መልሱ እዚያው አለ። የተጻፈው ጸሎት ቃል ሲያጥረን ይሸከመናል፤ የራሳችን ቃል ደግሞ የልባችንን ያደርሳል። ወንጌላዊት ጎረቤቴ በየማለዳው የጥሞና ጊዜ አላት፤ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፣ በራሷ ቃል ትጸልያለች። የምንለያይበት ነገር ብዙ ቢሆንም፣ ያልተቋረጠ ነገር እንደሚያጸና ሁለታችንም እናውቃለን።

ጸሎትና መድኃኒት

ይህችን ነገር ነርስ ሆኜ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰፈራችን ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት በጀመረበት ዘመን ለጸበል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ሕመምተኛ ብዙ ነበር። አንዳንዱ «በጸበል ካመንክ ኪኒን ተው» በሚል ወሬ መድኃኒቱን አቋርጦ ተጎድቶ ሲመለስ አይቻለሁ። ያኔ የነበሩት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ በመናገራቸው የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል ብዬ አምናለሁ።

ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ወይም ሽማግሌ በቤታችሁ ካለ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ። እኔ ኪኒኔን የምውጠው ከጠዋት ጸሎቴ በኋላ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያስታውሰኛል።

ቤት ውስጥ እንዴት እንጀምር?

በመጀመሪያ ትንሽ ይሁን። ሰኞ ሰባቱንም ሰዓት ጀምሮ ሐሙስ ከመተው፣ አንድ ሰዓት ወስኖ ዓመት መዝለቅ ይሻላል። ለብዙ ቤተሰብ የሚመቸው ማታ ከእራት በኋላ፣ ልጆች ሳያንቀላፉ በፊት ነው። አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ቃል አንድ ምስጋናና አንድ ልመና። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ «ኳሳችን እንዲገኝ» ብሎ ቢለምን አትሳቁበት፤ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ ቦታ ይኑረው። ኮንዶሚኒየምም ቢሆን፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤትም ቢሆን በምሥራቅ በኩል አንዲት ጥግ ትገኛለች። ሥዕል፣ መጽሐፍ፣ የታጠበ ነጠላ ይበቃል። ስልኮች በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ የአያትየውም ስልክ ጭምር።

ሦስተኛ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ልጅ የዛሬውን ቀን ፈልጎ ማውጣት ይወዳል። መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ ለሳምንቱ ተከፍሎ ይደገማል፤ ለጀማሪ ግን በቀን አንድ መዝሙር በአማርኛ ይበቃዋል። መቁጠሪያም ስጧቸው፤ 41ዱ የጌታን ግርፋት፣ 64ቱ የእመቤታችንን ዕድሜ እንደሚያስታውሱ ስትነግሯቸው ቁጥሩን አይረሱትም። ከዚያ በላይ ለመጨመር የንስሐ አባትን ማማከር ነው።

አራተኛ፣ ራቅ ያሉትን አትርሱ። ልጄ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ማታ በእኛ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ቀን ነው፤ በቪዲዮ ደውለን አብረን እንቆማለን። የልጅ ልጆቼ አማርኛ ይሰባበርባቸዋል፤ አባታችን ሆይን ግን ከእኔ ጋር ይዘልቁታል። አጎቶቻቸውን ስም በስም እያነሡ መጸለይ ከጀመሩ ወዲህ ስለ አገር ቤት ዘመድ የሚጠይቁት በዝቷል።

ከነርስነቴ ደግሞ ለእኩዮቼ ጥቂት ልጨምር። ለሌሊት ጸሎት ስትነሡ ከአልጋ ብድግ አትበሉ። በተለይ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀመጡ፤ በድንገት ሲነሡ ራስ አዙሮ መውደቅ የብዙ አረጋውያንን ዳሌ ሰብሯል። ጉልበትና ወገብ የሚያማችሁ፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ስለ ስግደት ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም፤ ተቀምጦም ተኝቶም ይጸለያል። ጧፍ ከመጋረጃ ይራቅ፤ ሳይጠፋ አትተኙ። ከሰል አቀጣጥላችሁ ዕጣን ስታጤሱ መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ ዕጣኑ ይቅር።

ልጆች መጀመሪያ ላይ ይሰለቻሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ያዛጋሉ። አትቆጡ፤ አታስረዝሙትም። እኛም በልጅነታችን የእናታችንን ነጠላ ጫፍ ይዘን ቆመን እናንቀላፋ ነበር። ያኔ ያልገባን ቃል ዛሬ ስንፈልገው ከውስጣችን እየመጣ ነው። ዛሬ ማታ የምትሉት አንድ አባታችን ሆይ አጠገባችሁ በቆመው ልጅ ውስጥ የት ድረስ እንደሚሄድ እናንተም እኔም አናየውም። ብቻ ዛሬ ይባል፤ ነገም ይደገም።

ቸሩ አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ቸር ያሰንብተን።